የሰማይ ጌታ፦ አባ ማቴዎስ ሪቺና የአንድ ፊደል ትርጉም



በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳም ሆነ በመተከል፣ በካማሺም ሆነ በማኦና ኮሞ ቀበሌዎች ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ጸሎተ ሃይማኖት የሚጀምረው በእግዚአብሔር ስም ነው፤ በፊቱ የተቀመጡት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ግን በቤታቸው የሚናገሩት በርታ ወይም ጉሙዝ፣ ሺናሻ ወይም ማኦ፣ ኮሞ ወይም ኦሮምኛ ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በመሆኑ ብዙዎች ይሰሙታል፤ ሆኖም ሰው በሐዘኑና በደስታው ጊዜ ፈጣሪውን የሚጠራው እናቱ ባስተማረችው አንደበት ነው። እንግዲህ መምህሩ የቀደሙት አባቶች ፈጣሪን ይጠሩበት የነበረውን ቃል ይውሰድ ወይስ ከሌላ ቋንቋ አዲስ ስም ያምጣ? የአባቶችን ቃል ቢወስድ የቆየው ትርጉም ከነገሩ ጋር ተሸክሞት ይመጣል። አዲስ ስም ቢያመጣ ደግሞ እግዚአብሔር ትናንት የመጣ እንግዳ መስሎ ይታያል።

ከአራት መቶ ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ወደ ቻይና የገቡና መልሱን በመፈለግ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ አንድ ካህን ነበሩ። እኚህም አባ ማቴዎስ ሪቺ ናቸው። ሕይወታቸው በብዙ ጎን ሊነገር የሚችል ቢሆንም፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው አንዲት ፊደል የተማሩበትን መንገድ ነው። ዘመናቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

አባ ማቴዎስ ኦክቶበር 6 ቀን 1552 ዓ.ም. በኢጣሊያ፣ ማቸራታ በተባለች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ፤ ልጃቸው ሕግ እንዲያጠኑ በማሰብም በ1568 ወደ ሮማ ላኳቸው። ወጣቱ ተማሪ ግን ኦገስት 15 ቀን 1571፣ በእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ዕለት፣ የሕጉን ትምህርት ትተው ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። በሮማ ኮሌጅ ሒሳብንና የከዋክብትን ትምህርት ያስተማሯቸው አባ ክርስቶፎሮስ ክላቪዩስ ነበሩ፤ እኚህ መምህር በ1582 የወጣውን የጎርጎርዮስ የዘመን አቆጣጠር ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዱ ናቸው። አባ ማቴዎስ በ1578 ከሊዝበን በመርከብ ተነሥተው ሕንድ ደረሱ፤ በ1580 በኮቺን ከተማ ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ፤ በኦገስት 1582 ደግሞ ፖርቱጋሎች በቻይና ዳርቻ ወደያዟት ወደ ማካው ገቡ።

በማካው የጠበቋቸው አባ ሚካኤል ሩጄሪ የተባሉ የማኅበራቸው ካህን ነበሩ። አባ ሩጄሪ ከሦስት ዓመት በፊት መጥተው ቻይንኛ መማር ጀምረው ነበር። ሁለቱንም ቋንቋ አጣርቶ የሚያውቅ መምህር በመታጣቱ የመጀመሪያው አስተማሪያቸው ሠዓሊ ነበረ። ይህ ሰው ስለ ፈረስ ሊያስተምር ሲፈልግ በብሩሽ ፈረስ ይስላል፤ ከሥዕሉም አጠገብ ፈረስ የሚል ትርጉም ያለውን ፊደል ጽፎ «ማ» ብሎ ያነብላቸዋል። አንድን ቃል ለመያዝ ሥዕሉን ማየት፣ ፊደሉን መጻፍ፣ ድምፁንም መስማት፣ ሦስቱም አስፈላጊ ነበሩ።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የቻይናን ጽሕፈት ከእኛ ፊደል ጋር ማነጻጸር ይበጃል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅ ከሀ እስከ ፐ ያሉትን ከነዘሮቻቸው ለይቶ ካወቀ፣ ያልሰማውን ቃል ሳይቀር ማንበብ ይችላል፤ ፊደላችን የድምፅ ምልክት ነውና። በቻይና ግን አንዱ ፊደል አንድ የትርጉም ምልክት ነው። ሰው የሚለው ፊደል ሁለት እግሮቹን ከፍቶ የቆመን ሰው የሚመስሉ ሁለት መስመሮች ናቸው። በእርሱ ላይ የተዘረጉ ክንዶችን የሚመስል አግድም መስመር ሲጨመር ታላቅ የሚል ፊደል ይሆናል። ከዚያም በላይ፣ ልክ ከራሱ በላይ፣ አንድ ሌላ አግድም መስመር ሲሰመር «ቲየን» ይባላል፤ ትርጉሙም ሰማይ ነው። በጠቅላላው አራት ጭረት ብቻ ነው። ሕፃን በአንድ ጠዋት ሊጽፈው ይችላል። አባ ማቴዎስ ግን የዚህን ፊደል ሙሉ ትርጉም ለማወቅ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

በሴፕቴምበር 1583 ሁለቱ ካህናት ዣውቺንግ በተባለችው የደቡብ ቻይና ከተማ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። አባ ሩጄሪ ቀደም ሲል በዚያች ከተማ ጥቂት ወራት ተቀምጠው ስለ ነበር፣ ከከተማይቱ ሲወጡ መንበሩን ትምህርት ጀምሮ ለነበረ አንድ ቻይናዊ ወጣት አደራ ሰጥተው ነበር። ሲመለሱ ወጣቱ መንበሩን በንጹሕ ክፍል አኑሮ ዕጣን ሲያጥንበት አገኙት። ከመንበሩም በላይ ሁለት ፊደላት የተጻፉበት ሰሌዳ ሰቅሎ ነበር። የመጀመሪያው ሰማይ የሚለው «ቲየን» ነው። ሁለተኛው «ዡ» ይባላል፤ ጌታ ወይም ባለቤት ማለት ነው። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር የተያያዙ ሦስት አግድም መስመሮች ንጉሥ የሚል ፊደል ሲሆኑ፣ በአናቱ ላይ አንዲት ነጥብ ስትታከልበት ጌታ ይሆናል። የጥንቱ የቻይና መዝገበ ቃላት ይህን ፊደል ሲያብራራ በመብራት ላይ ያለ ነበልባል ነው ይላል። ሁለቱ ፊደላት በአንድነት ሲነበቡ የሰማይ ጌታ ማለት ናቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስተውል። ይህን ስም ያወጣው ከሮማ የመጣ ሊቅ አልነበረም፤ ገና በመማር ላይ የነበረ የሀገሬው ልጅ ነው። ካህናቱም ስሙን ወደዱት፤ አባ ሩጄሪ በ1584 ባሳተሙት የመጀመሪያው የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቀሙበት። የእኛም አባቶች በግዕዝ ያደረጉት ከዚህ የራቀ አይደለም። እግዚአብሔር የምንለው ስም እግዚእ እና ብሔር ከሚሉት ሁለት ቃላት የተገኘ ሲሆን የሀገር ወይም የዓለም ጌታ ማለት ነው። ቻይናዊው ወጣት ወደ ላይ ተመልክቶ የሰማይ ጌታ አለ፤ የግዕዝ አባቶች ምድርን ተመልክተው የብሔር ጌታ አሉ። በየዕለቱ ስንጠራው ሁለቱን ቃላት ለይተን የምናስተውል ግን ጥቂቶች ነን።

ስሙ ተገኘ፤ ትርጉሙ ግን ገና አልተመረመረም ነበር። አባ ማቴዎስ ከአባ ሩጄሪ ጋር በመሆን የፖርቱጋልኛና የቻይንኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመሩ። ይሁን እንጂ በመዝገበ ቃላት የተጻፈ ፍች እና በሕዝብ ልብ ውስጥ ያለ ትርጉም አንድ እንዳልሆኑ በቶሎ ተረዱ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም የቡድሃ መነኮሳትን ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ሕዝቡም ሌላ ዓይነት የቡድሃ መነኮሳት አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር። በቤታቸው ላይ ድንጋይ የተወረወረበት ጊዜ አለ። በ1589 አዲስ የመጣው ሹም ከዣውቺንግ አስወጣቸውና ወደ ሻውዦው ሄዱ። በዚያም ረዳቶቻቸው የነበሩት ሁለት ወጣት ካህናት፣ አንዱ በ1591 ሌላው በ1593፣ በሕመም ዐረፉ። በ1592 ሌሊት ወንበዴዎች ቤታቸውን ሰብረው በገቡ ጊዜ አባ ማቴዎስ በመስኮት ዘልለው ሲያመልጡ እግራቸው ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ መንገድ ሲሄዱ ያነክሱ ነበር።

በዚያ የመከራ ዘመን የያዙት ሥራ የኮንፊሽየስን ትምህርት የያዙትን አራቱን መጻሕፍት ወደ ላቲን መተርጎም ነበር። መጽሐፎቹን እንደ ቻይናውያን ተማሪዎች ከመምህር ሥር ቁጭ ብለው ቃል በቃል ተማሩ። ያን ጊዜ ሰማይ የሚለው ፊደል በአንድ አገልግሎት ብቻ እንደማይቆም አዩ። በመጀመሪያ ደመናና ከዋክብት የሚታዩበት ጠፈር ነው። ቀጥሎም የመንግሥት ቃል ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የሰማይ ልጅ ይባላል፣ ዓለም ሁሉ ደግሞ ከሰማይ በታች ያለው ይባላል፤ ንጉሡም በየዓመቱ በክረምት፣ ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት ቀን፣ ለሰማይ መሥዋዕት ያቀርባል። በሦስተኛ ደረጃ በጥንታዊ መጻሕፍት ውስጥ ሰማይ የሚያዝ፣ የሚሰማ፣ ክፉውን የሚቀጣና ደጉን የሚሸልም ሆኖ ይነገራል፤ ከእርሱም ጋር «ሻንግ ዲ»፣ ማለትም በላይ ያለው ንጉሥ፣ የሚል ስም ይገኛል። በአባ ማቴዎስ ዘመን የነበሩት ሊቃውንት ግን ብዙዎቹ ሰማይን የነገር ሁሉ ሥርዓት እንጂ የሚያስብና የሚወድድ አካል ነው ብለው አያምኑም ነበር። ስለዚህ አንድ ቻይናዊ ሰማይ ብሎ ሲናገር ከእነዚህ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ማወቅ የግድ ሆነ። በዛሬውም ቻይንኛ ይኸው ፊደል ቀን ማለት ሆኖ ዛሬና ነገ በሚሉት ቃላት ውስጥ ይገኛል።

ቹ ታይሱ የተባለ የተማረ ወዳጃቸው የመነኮሳቱን ልብስ ትተው የሊቃውንትን ልብስ እንዲለብሱ መከራቸው። በ1595 ይህንኑ አደረጉ፤ ጢማቸውንም አሳደጉ። በዚያው ዓመት ናንቻንግ በተባለች ከተማ ተቀምጠው ስለ ወዳጅነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በቻይንኛ ጻፉ። የማስታወስ ችሎታቸውም በከተማይቱ ተወራ። ሊቃውንቱ ያለ ሥርዓት የጻፉላቸውን ብዙ መቶ ፊደላት አንድ ጊዜ ካነበቡ በኋላ በቃላቸው ይሏቸው ነበር፤ ቀጥሎም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይመልሷቸው ነበር። የአገረ ገዢው ልጆች ለመንግሥት ፈተና ይዘጋጁ ስለ ነበር በ1596 ይህን ጥበብ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፉላቸው። ዘዴያቸው እያንዳንዱን ፊደል ወደ ሥዕል መለወጥ ነበር። ለምሳሌ መልካም የሚለው ፊደል «ሃው» ሴት እና ልጅ ከሚሉ ሁለት ፊደላት የተሠራ ስለ ሆነ፣ ሕፃን የታቀፈች አገልጋይ በሐሳባቸው ይስሉ ነበር። የገዢው ታላቅ ልጅ መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ዘዴው መልካም መሆኑን መስክሮ፣ ነገር ግን በዚህ ዘዴ ለመጠቀም አስቀድሞ ብርቱ የማስታወስ ኃይል ያስፈልጋል ሲል አስተያየቱን ሰጠ። አባ ማቴዎስም ይህን ነገር ሳይደብቁ ጽፈውት ይገኛል።

ሌላም ችግር ነበረ። በቻይንኛ አንዱ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል። በ1598 ወደ ቤጂንግ ሄደው መቀመጥ ሳይፈቀድላቸው ሲመለሱ፣ በረጅሙ የጀልባ ጉዞ ላይ ዜማ ከሚያውቁት ከአባ አልዓዛር ካታኔዎ ጋር ሆነው የድምፁን መውጣትና መውረድ በምልክት መጻፍ ጀመሩ። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በክልላችን የሚነገሩት በርታና ጉሙዝ፣ ሺናሻም እንዲሁ የድምፅ ከፍታ ትርጉም የሚለይባቸው ቋንቋዎች ናቸው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ደብተራም ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ትንሽ ምልክት ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቃል።

አባ ማቴዎስ ጃንዋሪ 24 ቀን 1601 ወደ ቤጂንግ ገቡ። ለንጉሠ ነገሥቱ ለዋንሊ ካቀረቡት ስጦታ መካከል ራሳቸው የሚደውሉ ሰዓቶች ነበሩ፤ ሰዓቶቹን የሚያድስ ሰው በማስፈለጉም በከተማይቱ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ንጉሡን ግን ፊት ለፊት አላዩትም። በ1602 ታላቁን የዓለም ካርታ በቻይና ፊደላት አሳተሙ፤ በዚያም የዓባይ ወንዝ ተስሏል። በ1603 ስለ ሰማይ ጌታ እውነተኛ ትርጉም የሚናገረውን ዋና መጽሐፋቸውን አወጡ። መጽሐፉ በአንድ ቻይናዊ ሊቅና በአንድ ምዕራባዊ ሊቅ መካከል የሚደረግ ክርክር ነው። የሚታየው ሰማያዊ ጠፈር የተፈጠረ ነገር ስለ ሆነ ሊሰገድለት አይገባም፤ የጥንት አባቶች ሰማይ ያሉት ግን ሰዎች የሹሙን ስም ላለመጥራት በአውራጃው ስም እንደሚጠሩት ያለ ነው፤ በጥንት መጻሕፍት በላይ ያለው ንጉሥ የተባለውም ከሰማይ ጌታ ሌላ አይደለም ሲሉ አስረዱ። እኛም ቤተ መንግሥት አዘዘ ስንል ግንቡ አዘዘ ማለታችን አይደለም። ወንጌላዊው ማቴዎስም የእግዚአብሔርን መንግሥት መንግሥተ ሰማያት እያለ ይጽፋል፤ በሉቃስ ወንጌል የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ በሰማይ ላይ መበደሉን ይናዘዛል።

በ1607 ጳውሎስ ተብሎ ከተጠመቀው ከታላቁ ሊቅ ከሹ ጓንግቺ ጋር የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ የመጀመሪያ ስድስት ክፍሎች ተርጉመው አሳተሙ። ሜይ 11 ቀን 1610 በ57 ዓመታቸው በቤጂንግ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱም የመቃብር ቦታ ሰጡ፤ ይህም ለባዕድ ሰው ያልተለመደ ክብር ነበር።

ከሞታቸው በኋላ ግን ያቺው ፊደል ታላቅ ጠብ አስነሣች። ተተኪያቸው አባ ኒቆላዎስ ሎንጎባርዶ ሰማይና በላይ ያለው ንጉሥ የሚሉት ስሞች ሊቃውንቱ በሚሰጧቸው ትርጉም የተበከሉ ናቸው ብለው ተቃወሙ። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ቃል ተናጋሪው ባሰበው ብቻ ሳይሆን ሰሚው በተረዳውም ይመዘናልና። ክርክሩ ለሞቱ አባቶች ከሚደረገው የክብር ሥርዓት ጉዳይ ጋር ተያይዞ ወደ ሮማ ደረሰ። በ1704 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 11ኛ ሁለቱን ስሞች ከለከሉ፤ የሰማይ ጌታ የሚለውን ብቻ ፈቀዱ። በ1715 ውሳኔው ጸና፤ ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ በ1721 ነገሩን ካነበቡ በኋላ ስብከቱ እንዲቆም አዘዙ። በ1742 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 14ኛ ክርክሩን ዘጉት። ስለ ሙታን ክብር የተላለፈው ክልከላ የተነሣው ግን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ዘመን፣ በ1939 ነበር። በእነዚህ ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ስንት ቻይናዊ ቤተሰብ በእምነቱና በአባቶቹ መካከል ምረጥ ተብሎ እንደ ተጨነቀ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሀገራችንም ይህን መሰል ታሪክ አላት። አባ ማቴዎስ መጽሐፋቸውን ባሳተሙበት በዚያው በ1603፣ የዚያው ማኅበር ካህን አባ ጴድሮስ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ግዕዝና አማርኛ ተምረው፣ በትዕግሥት ተነጋግረው፣ በ1622 በጎርጎራ ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የሕዝቡን ሥርዓት በላቲን ሥርዓት ለመለወጥ ቸኮሉ፤ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሥ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። የተቀደሰ ዓላማ የችኮላን ጉዳት እንደማያስቀር ይህ ያስተምረናል።

ታዲያ ለአሶሳና ለአካባቢዋ መምህራን የአባ ማቴዎስ ሕይወት ምን ይላል? በመጀመሪያ፣ ቃሉን ከመጠቀም በፊት አገልግሎቱን መስማት ያሻል። በኦሮምኛ ዋቃ የሚለው ቃል እንደ ቻይናው «ቲየን» ሰማይም ፈጣሪም ማለት ነው፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ዛሬ እግዚአብሔርን በዚሁ ስም ይጠሩታል። በርታና ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ሽማግሌዎች ፈጣሪን በምን ስም ይጠሩታል? ዝናብ ሲዘገይ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲቀበር፣ ሲማሉና ሲመርቁ ያን ቃል እንዴት ይናገሩታል? ቃሉ የሚሰማና የሚወድድ ማለት ነው ወይስ የሚፈራና በመሥዋዕት የሚለዘብ? መልሱ በመጽሐፍ ቤት አይገኝም፤ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ስሙን ብቻችንን አንመርጥም። የቻይና ካቶሊካውያን እስከ ዛሬ እምነታቸውን የሚጠሩት የሰማይ ጌታ ሃይማኖት ብለው ነው፤ ይህም የዚያ የዣውቺንግ ወጣት ሰሌዳ ፍሬ ነው። በቋንቋው የተወለደ መምህር፣ ትምህርቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ሊቁ ካህን የማይሰማውን ይሰማልና አስተያየቱ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የተመረጠው ስም በትምህርት ይታጀብ። አባ ማቴዎስ ፊደሉን ከተቀበሉ በኋላ ስለ ትርጉሙ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ የአባቶችን ቃል የወሰደ መምህርም በወንጌል እየሞላው መሄድ አለበት።

የአባ ማቴዎስ መቃብር በ1900 በቦክሰሮች ዓመፅ ጊዜ ፈረሰ፤ እንደገና ተሠርቶ በባህል አብዮት ዘመን ዳግመኛ ተጎዳ፤ ከዚያም ታድሶ ዛሬ በቤጂንግ ከተማ ቆሞ ይገኛል። ዲሴምበር 17 ቀን 2022 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የጀግንነት ምግባራቸውን የሚመሰክረው ድንጋጌ እንዲወጣ ፈቀዱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክቡር ተብለው ይጠራሉ። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ስማቸው በላቲንና በቻይና ፊደላት ተቀርጿል፤ ቻይናውያን የሚያውቋቸው ሊ ማዶው በሚለው ስም ነው። ለሕዝቡ የእግዚአብሔርን ስም በሕዝቡ ፊደል ለመጥራት የደከሙትን ካህን ሕዝቡም በራሱ ፊደል ስም አወጣላቸው። በክልላችን በየመንደሩ በእግር እየተጓዙ ለሚያስተምሩት ሁሉ የእርሳቸውን ትዕግሥትና ሰሚ ጆሮ እግዚአብሔር ያድልልን። አሜን።